በነጠላው ሥር ያለቀስኩት

ወገኖቼ፣ ባሌ ታምራትና እኔ መጨረሻ አብረን የሠራነው ነገር ምስር መልቀም ነው። ሰፌዱን ደጃፍ ላይ ጉልበታችን ላይ አጋድመን፣ እሱ በወዲያ እኔ በወዲህ ተቀምጠን ነበር። ጣቱ ግሪስ ነክቶታል።

«ተው፣ ወጡ ናፍታ ናፍታ ይላል» አልኩት።

«ቱርሚ ድረስ የሚወስደኝ ናፍታ አይደል? ሆዴም ይልመደው» አለ።

ጠጠር ባገኘ ቁጥር እያሾፈ እግሬ ላይ ይጥለዋል። ከዚያ ተነሳ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ በቆሎ የጫነውን አይሱዙ አስነሳና ወደ ቆላ ወረደ። ምስሩ ገና አላለቀም ነበር።

ዛሬ በመካከላችሁ የቆምኩት ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው። ከወረቀት የማነብበት ምክንያት አለኝ። ማይክ ስይዝ ድምፄ ይለወጣል፤ የቲቪ ድምፅ ይሆናል። ስለዚህ ቀስ እያልኩ ቤት ጻፍኩት። ታገሡኝ። ስሙ ይባረክ!

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ አባቴ ከሌላ አገር ተመድቦ ጂንካ የመጣ መምህር ነው፤ እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ አደግሁ። ወጣቶችን አንድ ቤት ውስጥ ዘግተው፣ አኗኗራቸውን በካሜራ እየቀረፁ፣ ተመልካች በስልክ መልእክት ድምፅ እየሰጠ የሚያስቀርበትና የሚያስወጣበት የቲቪ ውድድር ነበር። እዚያ ገባሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጓደኛዬ የሆነችው ሰናይት ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ አስራ «የጂንካን ልጅ አታስወጧት!» እያለች ከተማውን ትዞር ነበር። ያኔ የሚወደኝ ሰው ብዛቱ! ሁሉም የሚያውቀኝ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ቤት ውስጥ ሮቤል የሚባል ልጅ ወደድኩ። እሱም የወደደኝ መሰለኝ። ተመልካች ሲያስወጣው አለቀስኩ፤ ከልቤ ነበር ያለቀስኩት። ከካሜራው ጀርባ የነበረው ሰውዬ «ጎበዝ! አሁን ፊትሽን ወደ መብራቱ» አለኝ። እኔም እያለቀስኩ ወደ መብራቱ ዞርኩ። ያ ልቅሶ አገር አዳረሰ። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ሮቤልን በር ላይ አገኘሁት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጥሩ ሠራን እኮ!» አለኝ።

ሥራ ነበር ለካ። ከዚያ ወዲህ የትኛው እንባ የእኔ፣ የትኛው የመብራቱ እንደሆነ ጠፋኝ።

ወደ ጂንካ ስመለስ አውቶቡሳችን ቀይ አፈር ከተማ ላይ ተበላሸ። ያኔ የማላውቀው ታምራት በአይሱዙው ጫነኝ። በየመንደሩ ሰው እየጮኸ ስሜን ሲጠራ ግራ ገባው።

«ምን ሠርተሽ ነው ሰው ሁሉ የሚያይሽ?»

«ቲቪ ላይ አልቅሼ ነው።»

«ለዚህ ብቻ? እናቴ ጓዳ ሁልጊዜ ሽንኩርት እየተከተፈ ይለቀሳል፣ አንድ ቀን የቀረፀን የለም።»

ወገኖቼ፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ተዋደድንና በማዘጋጃ ቤት ተጋባን። እሱ አማኝ ነበር፤ እሑድ እሑድ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ብቻውን ይመጣ ነበር፣ እናንተም ታስታውሱታላችሁ። «ነይ» ብሎ ጎትቶኝ አያውቅም። መንገድ ላይ ስልክ አውጥተው ሲያነሱኝ ግን «ቱርሚ ገበያ ላይ ፎቶ የሚያነሳ ይከፍላል፤ የእኔን ሚስት በነፃ!» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። እኔም ከጎኑ ስሆን ፊቴን ለማንም አላዘጋጅም ነበር። አልጠገብኩትም።

ምስር በለቀምንበት በዚያ ቀን ቱርሚ ላይ ዝናብ አልነበረም ይላሉ። ዝናቡ የዘነበው ወደ ላይ፣ ተራራው ላይ ነው። ደረቅ የአሸዋ ወንዝ መሐል አንዲት መኪና ተይዛ ነበር። ሌሎቹ ሾፌሮች «ቆይ፣ ወንዙን እንየው» ሲሉት ታምራት «ሰዎች አሉባት እኮ» ብሎ ገመድ ይዞ ገባ። ሰዎቹ ወጡ። ጎርፉ መጣ። እሱን ውሃው ከጎደለ በኋላ ከአሸዋው ውስጥ አወጡት።

የእናቱ ግቢ ድንኳን ተተከለ። መዘምራኑ መጡ፣ ከተማው መጣ። እኔ ግን ማልቀስ አቃተኝ። ዓይኔ ደረቀ። ገና አፌ ሲንቀጠቀጥ ያ ሰውዬ «ጎበዝ!» ሲለኝ ይሰማኛል፣ እንባዬም ከደረሰበት ይመለሳል። አንዲት እህት በቅን ልብ አጠገቤ ተቀምጣ «እንደዚያን ጊዜው አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» አለችኝ። ከኋላዬ ደግሞ አንዷ ለሌላዋ «ለቲቪ ስታለቅስ አላየናትም? ለባሏ ግን ነጠፈባት» ስትል ሰማሁ። አልተቀየምኳትም። እኔም ስለ ራሴ የማስበው ያንኑ ነበር። ባሌን አልወደድኩትም ይሆን? አልኩ። እኔ ውስጥ ምንም የለም ይሆን?

ከዚያ ሰናይት የሠራችውን አየሁ። የታምራትን ፎቶ ከላይ አድርጋ፣ ከሥሩ ለሮቤል ያለቀስኩትን ልቅሶ ቀጥላ በስልክ ለቃዋለች። ሰው ሁሉ የቀብሩ ልቅሶ መስሎት «አይዞሽ» ይላል።

«ሰናይት፣ ያ እንባ የሮቤል ነው!» አልኳት።

«እንዲጸልዩልሽ ብዬ እኮ ነው!»

«የሮቤል ነው እያልኩሽ!»

«ሰው ምን ያውቃል? እንባ እንባ ነው።»

ከዚያ በኋላ መናገር ተውኩ። መብላትም ተውኩ። ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ፤ ሐኪሙ መርምሮ ለአማቴ «እማማ፣ በሽታ አላገኘሁባትም። መኖር ነው ያልፈለገችው» አላቸው። እውነቱን ነው። አልፈለግኩም ነበር።

እማማ አሪ ናቸው፤ አማርኛን በጉልምስናቸው ነው የተማሩት፣ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላሉ። «ልጄ፣ አንተ ተነሳ። ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን» አሉኝ።

«እማማ፣ ያዩኛል።»

«ይዩህ። እኔ አለሁ።»

ደግፈው አመጡኝ። በዚህ በር ስገባ አንገት ሁሉ ዞረ። ከወዲያ በኩል አንድ ስልክ ከፍ ሲል አየሁ። ፊቴ ራሱን ሲያዘጋጅ ታወቀኝ፤ ወገኖቼ፣ ባሌን ቀብሬ እንኳ ፊቴ ለካሜራ ይዘጋጃል! ራሴን ጠላሁት። ያን ጊዜ እማማ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው በእኔም በእሳቸውም ራስ ላይ ጣሉት። ማንም የማያየን ሆንን። ውስጡ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። ግንባራቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው በአሪኛ መጸለይ ጀመሩ። አሪኛ ብዙ አልሰማም። ሁለት ስም ብቻ ለየሁ፦ ኢየሱስ፣ ታምራት። ኢየሱስ፣ ታምራት። የእማማ ድምፅ ተሰበረ። ለካ እሳቸውም እስከዚያች ሰዓት አላለቀሱም ነበር፤ እኔን ሲጠብቁ።

«ጌታ ሆይ፣ እዚህ ካለህ፣ አንተ ብቻ እየኝ» አልኩ። ሌላ ጸሎት አላውቅም ነበር። እንባዬ መጣ። መብራት አልነበረም፣ «ጎበዝ» የሚል አልነበረም። ያ እንባ የእኔ ነበር። ለባሌ ነበር። ሃሌ ሉያ! በሰፌዱ ፊት ለፊት የነበረውን ሰው በእውነት ወድጄው እንደነበር ያወቅሁት በዚያ ነጠላ ሥር ነው። ለጌታዬም እጄን የሰጠሁት እዚያው ነው፤ ማንም እጄን ከፍ ሳደርግ አላየም።

ቅዱሳን፣ ሐዘኔ ሄደ ብዬ አልዋሻችሁም። አልሄደም። አይሱዙ ሲያጓራ አሁንም እደነግጣለሁ። ታምራትን ለምን እንደ ወሰደው ጌታን ጠይቄዋለሁ፣ አልመለሰልኝም። ሰናይት እዚህ መካከላችሁ ተቀምጣለች። ቪዲዮውን አጥፍታዋለች፤ እኔና እሷ ግን ሰላምታ እንጂ ገና ጨዋታ አልጀመርንም። ለዚህም ጸልዩልን። እንዲህም ሆኖ አመሰግነዋለሁ! ማንም በማያየኝ ቦታ አየኝ፤ አልቀረፀኝም፣ አቀፈኝ እንጂ።

ከእናንተ መካከል በሰው ፊት ማልቀስ ያቃተው ካለ፣ ወይም እያለቀሰ የራሱን እንባ የማያምን ካለ፣ በሩን ይዝጋና ለእሱ ይንገረው። እሱ ፊት መልክ ማሳመር አያስፈልግም። እመኑት።

አሁን መናኸሪያው አጠገብ ለሾፌሮች ምሳ እሠራለሁ። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። አንዳንድ ቀን እማማ በወዲያ በኩል ይቀመጣሉ፤ አንዳንድ ቀን ብቻዬን እለቅማለሁ።