በጥፍር የተነደፈው ቀሚስ

ያኔ እኔ አሥራ አራት፣ ታናሽ እህቴ ታንጉት አሥራ ሁለት ዓመታችን ነበር። ዛሬ ጠዋት ሁለት ቀን ጠፍቶ የከረመው መብራት ሲመጣ የልጅ ልጄን ነጭ ቀሚስ ውሃ አርከፍክፌ ልተኩስ ተነሣሁና፣ ካውያው እርጥቡን ጥጥ ገና ሲነካው ያ ትንሽ እንደ ቆሎ ትንሽ እንደ ዝናብ የሚሸተው የሞቀ ሸማ ሽታ፣ ቀሐ ወንዝ ዳር ወደነበረው የአባቴ ቤት ይዞኝ ሄደ። ስንት ዓመት ስተኩስ ኖሬያለሁ፤ ይህ ሽታ ግን አንድ ቀን እንኳ በሰላም አልፎኝ አያውቅም።

አባታችን ብራና ጸሐፊ ነበር። ቀለም ከማንሣቱ በፊት ብራናውን በዶልዶም ወስፌ ያሰምረዋል፤ መስመሩ ቀለም የለውም፣ ብርሃን ከጎን ሲመታው ብቻ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይታያል። እኔና ታንጉት ፊደሉን የለየነው ከእሱ መደብ ሥር ተቀምጠን ነው፤ መርፌውን ደግሞ ከእናታችን ተማርን። የእኔ ሙያ መገልበጥ ነበር። አንድ ጊዜ ያየሁትን ጥልፍ ቤቴ ገብቼ ክር ሳልስት አወጣዋለሁ። የሰፈር ሴቶች የሰው ቀሚስ ሲያምራቸው «እስቲ ለየሺ አሳይዋት» ይላሉ፣ የእኔም አንገት ይረዝማል።

ታንጉት መርፌ መያዝ ስትጀምር አንገቴ አጠረ። ምን ዓይነት ልጅ መሰለቻችሁ፤ ክር የምታወሳስብ፣ መርፌ መደብ ላይ ጥላ የእንግዳ መቀመጫ የምታስወጋ፣ ውሃ ቅጂ ተብላ ስትላክ የጎመን ቅጠል ጀርባውን ስታይ ቆይታ እንስራውን ወንዝ ዳር ረስታ የምትመጣ። ግን የማንንም አትገለብጥም። ሸማውን በቀጭን የዱቄት ውሃ ነክራ ታደርቀውና፣ እንደ አባታችን ወስፌ በአውራ ጣቷ ጥፍር እየጫረች ንድፉን ታወጣበታለች። እስክሪብቶ የለ፣ ከሰል የለ። ከፊት ለፊት ስታዩት ባዶ ሸማ ነው፤ ወደ መስኮት ዘንበል ሲል ነው ጉዱ የሚታየው።

በዚያ ዓመት፣ ጥምቀት ሊደርስ ሲል፣ ፒያሳ የጥልፍ ቀሚስ ሱቅ የነበራቸው እትዬ በላይነሽ መጡና ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ሸማ ሰጡን።

«ለልጄ የጥምቀት ቀሚስ ነው። ማንም ያልለበሰውን እፈልጋለሁ» አሉ። «የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ እመጣለሁ። ንድፏ ሸጋ የሆነላትን ልጅ ሱቄ ወስጄ መስኮቱ ሥር አስቀምጣታለሁ።»

ያችን መስኮት አውቃታለሁ። ባለፍኩ ቁጥር እቆምባታለሁ፤ ጠረጴዛዋን፣ ክር በየቀለሙ የተደረደረባትን መሳቢያ፣ ቀይ ቆዳ የለበሰችውን ዱካ በቃሌ ይዣቸዋለሁ። በልቤ ተቀምጬባታለሁ እንጂ።

እኔ ከአባቴ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ አንድ መስቀል ከነሐረጉ ገለበጥኩ። ታንጉት ሦስት ቀን ጥምቀተ ባሕሩ ግንብ ሥር ተቀምጣ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ተከትያት ሄድኩ። የዛፎቹ ሥር ግንቡን እንዴት እንደተጠመጠመበት የጎንደር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሷ ግን ትናንት የበቀለ ይመስል አፏን ከፍታ ታያለች።

«ምነው እዚህ ተጎለትሽ?» አልኳት።

«እታለም፣ ድንጋዩን ብናወጣው ሥሩ ምን ይሆናል?»

«ይወድቃላ።»

«አይወድቅም» አለች፤ «መያዙ ይቀራል።»

ሥሩንማ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ። ይኼ ነው የሚያበግነኝ።

ዓርብ ከሰዓት አባታችን የሁለታችንንም ሥራ አየ። የእኔን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ስሕተት የለበትም» አለ፤ ለጸሐፊ ከዚህ በላይ ምስጋና የለምና ደስ አለኝ። ቀጥሎ የታንጉትን ወደ በሩ ወስዶ ፀሐይዋ ላይ አዘነበለው። በእጁ የነበረውን ብርዕ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ለማንም አስቀምጦት የማያውቀውን ብርዕ፣ መደቡ ላይ አስቀመጠው። ሁለት እጁ የሸማውን ጠርዝ ይዞ እንዲሁ ቆመ።

ቅዳሜ ጠዋት ታንጉት ክር ልትገዛ ወጣች። እናቴ ነጠላዋን እንድተኩስላት ካውያው ውስጥ ፍም ጨምሬ ነበር። ነጠላውን ጨረስኩና የታንጉትን ሸማ ወደ መስኮቱ አነሣሁት። ከአንገቱ የወረደው ሥር ደረቱ ላይ ተከፍሎ፣ ድንጋዩ የወጣበትን ባዶ ሁሉ አጥብቆ ይዞ፣ ዘርፉ ጋ ይገናኛል። በማርያም፣ ዐይኔን የጣልኩበት ልገለብጠው ብዬ ነበር። ከላይ ጀመርኩ፣ ጠፋኝ። ከታች ጀመርኩ፣ ጠፋኝ። አይቼ ያልያዝኩት የመጀመሪያው ንድፍ ይኸው ሆነ። ያን ጊዜ ውሃ አርከፈከፍኩና፣ እንደ ደግ ልጅ፣ ከአንገት እስከ ዘርፍ ቀጥ አድርጌ ተኮስኩት።

እትዬ በላይነሽ ሲመጡ ታንጉት ሸማውን ዘረጋችላቸው።

«ባዶ ጨርቅ ልታሳዪኝ ነው ያስመጣሽኝ?» ብለው ሳቁ።

ታንጉት ወደ ብርሃኑ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አዘነበለችው። «ተጨማዶ ባየው ላግዝሽ ብዬ ተኮስኩልሽ እኮ» አልኩ። እናቴ «እሰይ የኔ ልጅ» አለች። አባቴ ካውያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ተመልሶ ብራናው ላይ አቀረቀረ።

«እትዬ፣ እንደገና ልንደፈው?» አለች ታንጉት።

«ጥምቀት ይጠብቀናል እንዴ ልጄ?» አሉና የእኔን መስቀል አንሥተው አጠፉት።

በዚያች መስኮት ሥር ሠላሳ ዓመት ተቀመጥኩ። ዱካዋ ላይ ሁለት ጊዜ ቆዳ ተቀይሯል። ስንት ሙሽራ፣ ስንት የጥምቀት ልጃገረድ በእኔ እጅ አጊጣለች፤ ሁሉም ግን ከሌላ ቦታ የታየ ነው። አባቴ ካረፈ ቆየ። ዛሬም ጥምቀት ሲያልፍና ግንቡ ሥር ሰው ሲሳሳ ሄጄ እቀመጣለሁ፤ ሥሩን አያለሁ፣ ድንጋዩን በልቤ አወጣለሁ፣ ቤቴ ገብቼ ሸማ ላይ በጥፍሬ እጭራለሁ። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ እሺ ይለኛል፤ ሁለተኛው ድንጋዩ ከሌለ ይወድቅብኛል። መቀመጫውን ወሰድኩት፣ ቅናቱ ግን አልወጣልኝም፤ ስልሳ ዓመት አልፎኝም በአንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጥፍር እቀናለሁ።

ታንጉት ከዚያ ወዲህ ሸማ ላይ አልነደፈችም። ከአራት ዓመት በኋላ ባል አግብታ መካነ ብርሃን ሄደች። እስክትሄድ ድረስ ሱቅ የምለብሰውን ቀሚስ እሑድ እሑድ እሷ ትተኩስልኝ ነበር፤ ካውያውን ግን ዳግመኛ በእጄ አላስነካችኝም።