በአባቴ ስም ሥር የተንጠባጠበው መስመር

የአባቴ ዘመዶች የዘር ሐረጋችንን በትልቅ ባነር አሳተሙ። ሁሉንም ሰው ከአባቱ ጋር በደህና መስመር አገናኙት፤ እኔንና ሌሎች ሁለት ሰዎችን ግን በነጠብጣብ። የተደረገብኝ በደል ይኸው ነው። ከሁለቱ አንዷ ራቅ ወዳለ አገር ተድራ የማትመጣ ሴት ናት፤ ሌላው ሞቷል። አፍ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከባነሩ ግርጌ በትንንሽ ፊደል «ነጠብጣብ መስመር፦ በማደጎ የገባ» ተብሎ ተጽፏል። ማንበብ የተማርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ከሾላ ገበያ ጀርባ አጠና ስሸጥ ኖሬ፣ ደንበኛ ጽፎ የሚሰጠኝን ልኬት ሰው እያስነበብኩ ስታለል ኖሬ፣ በስተርጅና ከልጆች ወንበር ላይ ተጨናንቄ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። የታክሲ ታፔላ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ አጥር ላይ የተለጠፈ የሐዘን ማስታወቂያ። ያን ቀን በእድሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውንም አነበብኩ። ባላነብም ኖሮ ያው ነበር። ነጠብጣብን ከመስመር ለመለየት ፊደል አያስፈልግም።

አባቴ በጉዲፈቻ ነው ያሳደገኝ። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ጉዲፈቻ በእኛ አባቶች ዘንድ የሰው ልጅ አብልቶ ማሳደግ ማለት ብቻ አይደለም። ልጁ ሕፃን ሳለ ሽማግሌ ይሰበሰባል። አባትየው ይነሣና «ይህ ልጄ ነው፤ ከእሱ በኋላ ብወልድ እንኳ በኵሬ እሱ ነው» ይላል። ሽማግሌው ይመርቃል፣ የልጁ አናት ቅቤ ይቀባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ የዚያ ሰው ልጅ ነው። የአባቱን አባቶች የራሴ ብሎ ይቆጥራል፤ ከጎሳው ሴት ልጅም አያገባም፣ እህቱ ናትና። «እሱ እኮ ያልተወለደ ነው» ብሎ ያወራ ሰው ነውረኛ ይባላል። ነውሩ የአውሪው እንጂ የልጁ አይደለም።

የወለደችኝ ሴት ወዴት እንደሄደች ጠይቄ አላውቅም። አልጠይቅምም።

አባቴ ገብስ ያርስ ነበር። ማሳው ቀስ በቀስ ቤት እየሆነ ሲያልቅበት ወደ ባሕር ዛፍ ዞረ። እንጨት ተሸክመን ከእንጦጦ ስንወርድ በየማረፊያው አባቶቹን ያስቆጥረኛል። አንድ ስም ባልሁ ቁጥር አረፍ እላለሁ። ስም ከሳትኩ «ሸክምህን አንሣ» ይለኛል፤ ማረፊያዬን ይቆርጥብኛል። እኔ የዘር ሐረግ የተማርኩት በትከሻዬ ነው። እንግዲህ ይህን የመሰለ አባት ነው ከእኔ ጋር በነጠብጣብ የተያያዘው።

ባነሩን ያሳተመው የዘመድ ማኅበር ሲቋቋም ከሁሉ ቀድሜ እሺ ያልኩት እኔ ነበርኩ። ሐሳቡ መልካም ነው። የየካ ዳገት ላይ የነበርነው የገበሬ ልጆች ዛሬ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ የቢሮ ሰራተኛ፣ አንዱ ዘማሪ፣ አንዱ ዘበኛ ነው። ግማሹ ኦርቶዶክስ ነው፣ ግማሹ ጴንጤ፤ ግማሹ ቤቱ ኦሮምኛ ያወራል፣ ግማሹ ረስቶታል። ልጆቻችን ለቅሶ ቤት ተያይተው «ይሄ ሰውዬ ምናችን ነው?» ይላሉ። ስለዚህ የአገሩን ታሪክና የቤተሰቡን ሐረግ እንጻፍ ተባለ። ሊቀመንበር የሆነው የአጎቴ ልጅ ነው፤ ጡረታ የወጣ መምህር። ጸሐፊዋ የሌላው አጎቴ የልጅ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ላይ ፈጣን ናት።

ብዙ እሁድ ዳገቱን አብረን ወጣን። ሊቀመንበሩ ስልኩን እየደቀነ ይቀዳል፣ እኛ እንጠቁማለን። ይሄ ድንጋይ ድንበር ነበር፤ እዚህ ጋ ምንጭ ነበር፣ ደርቋል፤ ከዚህ ዛፍ ሥር እርቅ ይደረግ ነበር። የአባቴን አውድማ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ዛሬ እንጦጦ ፓርክ ለመግባት የሚያልፉ ወጣቶች ቆመው ፎቶ የሚነሡበት ሜዳ ነው። ፎቶ ካልን ደግሞ፣ የአባቴን አንዲት ጉርድ ፎቶ ከሳጥኔ አውጥቼ የሰጠኋቸውም እኔ ነኝ። ሌላ የለችውም። ባነሩ መሐል አጉልተው ለጠፉት። ፎቶውን የሰጠውን ልጅ ደግሞ ከፎቶው ሥር በነጠብጣብ አንጠለጠሉት።

ባነሩ የተመረቀ ዕለት ሰው ከየቤተ ክርስቲያኑ መልስ መጣ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ሴት ልጄ እጅጌዬን ሳብ አደረገችኝ።

«አባዬ፣ የእኛ ለምንድነው የተቆራረጠው?»

ቀረብኩና አየሁ። ከእኔ ሥር ልጄ፣ ከልጄ ሥር ልጇ፤ ሦስታችንም በዚያች በተቆራረጠች ነገር ላይ ተንጠልጥለናል። ጸሐፊዋን ጠራኋት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጋሼ፣ እኔ ምንም አላደረግሁም፤ ሶፍትዌሩ ነው» አለች። «ልጅ ስታስገባ ባዮሎጂካል ነው ወይስ አዶፕትድ፣ የተወለደ ነው ወይስ በማደጎ የገባ ብሎ ይጠይቃል። አንዱን ካልመረጥክ አያሳልፍም።»

«ላንቺ ማን ነገረሽ?»

ወደ ሊቀመንበሩ አየች። ልጅቷ ላይ አልፈርድም። ማሽን ጠየቃት፣ ታላቋን ጠየቀች። ሊቀመንበሩ ግን የሽማግሌ ልጅ ነው፤ ነውሩን ያውቃል። ለፈረንጅ ማሽን ሲሆን ግን አፉን ከፈተ።

«ወንድሜ፣ አትቆጣ» አለኝ የለስላሳ ጠርሙሱን እንደያዘ። «ማንም አልናቀህም። አለህበት እኮ! ስምህ አለ። ግን ታሪክ ስንጽፍ ትክክለኛውን መጻፍ አለብን። ይሄ ሳይንስ ነው።»

«አባቴ በሽማግሌ ፊት የተናገረው ውሸት ነው?»

«እሱ ባህል ነው። ይሄ ደግሞ መረጃ ነው።»

ባህሉን ሊጽፍ የተቋቋመ ማኅበር ሊቀመንበር ነው ይህን የሚለው። ብዙ ቁጣ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ጆሮዬ ጭው ብሎብኝ አያውቅም።

ነገሩ እዚያው አዳራሽ ቢቀር ደግ ነበር። አልቀረም። ጎረምሶቹ «ጋሽ ነጠብጣብ» አሉኝ። ሾላ ታክሲ ተራ ላይ ከወረፋው መሐል አንዱ «ቦታ ልቀቁለት፣ ነጠብጣቡ መጣ!» ይላል፤ ሌላው ይስቃል። የሊቀመንበሩ ታናሽ ወንድም ደግሞ የአጠና መሸጫዬ ድረስ መጣ። ቀልደኛ ነኝ ባይ ነው።

«እንግዲህ ዘመድ ካልሆንን» አለኝ፣ «ያንን ጎረምሳዬን ለልጅ ልጅህ ብልክ ክልክል የለውም፤ አይደል? ነጠብጣቡን ተሻግሮ ይመጣል!»

ከገዛ ጎሳ ጋር መጋባት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ስለሚያውቅ ነው የቀለደው። በእጄ የያዝኩትን አጠና መሬት አስቀመጥኩት። ባላስቀምጠው ኖሮ ይህን ዛሬ የምጽፈው ከሌላ ቦታ ሆኜ ነበር።

በማግስቱ ማርከር ገዝቼ እድሩ አዳራሽ ሄድኩ። ጥበቃው ያውቀኛል፤ ከፈተልኝ። ወንበር ላይ ቆምኩና ከአባቴ ስም እስከ ስሜ በነጠብጣቦቹ ላይ መስመር አሰመርኩ። ዘግይቶ እስክሪብቶ የጨበጠ እጅ እጅ አይደለም፤ መስመሩ እንደ አይጥ ጭራ ተጣመመ። ግን ያልተቆረጠ ነው።

ኮሚቴው «የማኅበሩን ንብረት አበላሽቷል» ብሎ አገደኝ። ንብረት ይሉኛል! አባቴን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

አሁን የምጽፈውን ሰው ይስማ። አባቴ፣ አንድ ቀን ሰው ሰድቦኝ ስመለስ፣ እንደ እኔ የገቡ ሌሎችም እንዳሉ ነግሮኝ ነበር፤ እነማን እንደሆኑም ጭምር። «ለራስህ ያዘው» ብሎኛል። ባነሩ ላይ በደህና መስመር የተሰመሩ ናቸው። አንዳንዶቹ አያትና ቅድመ አያት ሆነው ወደ ላይ ርቀዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጠው እኔን ያግዳሉ። ልናገር ቆረጥኩ። በጠቅላላው ጉባኤ ላይ ተነሥቼ አንድ በአንድ ልዘረግፋቸው።

ከዚያ በፊት አዳዳ ዘንድ ሄድኩ። የአባት እህት በእኛ ቤት አዳዳ ናት። እኚህ ያባቴ ታናሽ ናቸው፤ በጣም አርጅተዋል፤ ከልጃቸው ጋር ዳገቱ ላይ ይኖራሉ፣ ዓይናቸው ደክሟል። ነገሩን ነገርኳቸው።

«ነጠብጣብ ያልከው ምንድነው?» አሉኝ።

«ዝናብ ካባራ በኋላ ከቆርቆሮ ጫፍ ጠብ ጠብ የሚለው የለም? እንደሱ። እኔና አባቴ እንደሱ ነን ተባልን።»

በኦሮምኛ አንድ ስድብ ተሳደቡ፤ ወረቀት ላይ አይሰፍርም።

«እኔም ሌሎቹን እናገራለሁ» አልኩ። «ስማቸውን አውቃለሁ።»

«ብትናገር አላውቅህም።»

«አዳዳ!»

«አላውቅህም አልኩህ። ያ ነውር ሠራ ብለህ አንተም ልትደግመው ነው? ወንድሜ እንደዚያ አድርጎ ነው ያሳደገህ?»

«ታዲያ ተሰድቤ ልቅር?»

«ማን ተሰድበህ ቅር አለህ? እኔን ውሰደኝ።»

የጉባኤው ዕለት ደግፌ አወረድኳቸው። ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ጉልበት ሳመ። ሊቀመንበሩ ከፊት ወንበር ሰጣቸው፤ ደስ ብሎታል፣ ለቀረጻው የሚሆን አዛውንት መጣለት። ስለ እኔ እግድ ሲነሣ አዳዳ እጃቸውን አወጡ።

«አንተ ልጅ፣ ወንድሜን ከልጁ የቆረጥከው ለምንድነው?»

«አዳዳ፣ አልቆረጥኩም» አለ በመምህር ድምፅ። «ለመጪው ትውልድ እውነቱን ነው ማቆየት ያለብን። ታሪክ እውነት ይፈልጋል።»

«እውነት ይፈልጋል?»

«አዎ።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን፣ አዳዳ።»

«ደግ» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አንቺ ልጅ፣ የምትጽፊበትን ነገር ክፈቺው። እኔ ሞቼ ሳልቀበር ልንገራችሁ። ማን ማንን ወለደ፣ ማን ከየት መጣ፣ የማን ልጅ በማን ቤት ተወለደ። የዚህን ሁሉ ሰው አውቃለሁ። ከወዴት ልጀምር? ከላይ ነው ከታች?»

ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን ከፈተችና ጣቷን አንሥታ ቀረች። ሰው ሁሉ ባነሩ ላይ የራሱን ስም ይፈልግ ጀመር። ከስሙ ወደ ላይ በዓይኑ ይወጣል፣ አንድ ቦታ ይቆማል፣ ምራቁን ይውጣል። ሚስቶች ባሎቻቸውን ያያሉ።

«አዳዳ፣ እንዳይደክምዎት...» አለ አንዱ።

«አልደከመኝም።»

«ሌላ ቀን ቢሆን...»

«ዛሬ ነው የመጣሁት።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ኧረ በእግዚአብሔር አታስጀምሯቸው!» አለች፤ ሳቅ ተነሣ፣ ወዲያው ጠፋ። «ይቅር! ይቅር በቃ!» ብሎ መጀመሪያ የጮኸው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ያ ጎረምሳዬን ለልጅ ልጅህ ልላክ ያለኝ ቀልደኛ ነው። እኔ አፌን ይዤ ተቀምጫለሁ። እንደዚያ ቀን ዝምታ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ሊቀመንበሩ ላብ በላብ ሆኖ «እንግዲያው ጉባኤው ከፈቀደ ነጠብጣቡ ይነሣና አዲስ ባነር እናሳትም» አለ።

«አዲስ ለምን?» አሉ አዳዳ። «ይሄ ልጅ በእጁ ያሰመረው አይበቃም? የቀሩትን ሁለቱን አንተ አስምራቸው። አሁን። እያየሁህ።»

አያዩም እኮ፤ ግን ማን ይናገራል?

ወንበር ቀረበለት፣ ወጣ። መምህር አይደል፣ ማስመሪያ አምጡልኝ አለ። የሩቋን ሴትና የሟቹን መስመር ቀጥ አድርጎ ሠራ። ጸሐፊዋ ከግርጌ ያለውን ጽሑፍ በመቀስ ቆርጣ አነሣችው። እግዱ ተነሣ። ሊቀመንበሩ ወርዶ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ አዳዳ ፊት ስለሆነ ተሳሳምን። ልቤ አልሳመውም። እስከ ዛሬም አልሳመውም፤ ለቅሶ ላይ ስንገናኝ እጄን እሰጠዋለሁ፣ ከዚያ አያልፍም። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ የእኛ ሰው ካለ ደግሞ አይስጋ፤ የማንንም ስም አልጻፍኩም፣ አልጽፍምም። የአባቴ ልጅ ነኝ።

ባነሩ አሁንም እዚያው ተሰቅሏል። ጠማማዋ መስመር የእኔ ናት። ጉዳዩ የተቋጨው እሁድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።