የሚስቴ ወንድም መኪና አይላጥም

ኮሮና የገባ ጊዜ እዚህ ላስ ቬጋስ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሹን ዘጋና አምልኮው ወደ ፓርኪንጉ ወጣ። ፓስተሩ ደረጃው ላይ ማይክ ይዞ ይቆማል፤ እኛ መኪናችን ውስጥ ቁጭ ብለን በሬዲዮ እንሰማለን። አሜን የሚባለው በክላክስ ነበር። ያን ጊዜ ያላየ ሰው የፈጠርኩት ይመስለዋል፤ ግን እንዲህ ነበር።

ድሮ እሁድ እሁድ የምንተያየው በልብስ ነው። ያኔ ግን ፊት በማስክ ተሸፍኗል፣ ልብሱም መኪና ውስጥ ነው። የሚታየው መኪናው ብቻ ሆነ። የሚስቴ ወንድም ደግሞ ሁልጊዜ አጠገቤ ነው ፓርክ የሚያደርገው። ዘመድ ነው፣ እዚህ አትቁም አይባልም። የሱም ጥቁር የጀርመን መኪና ነው፣ የኔም ጥቁር የጀርመን መኪና ነው። ሥሪታቸው አንድ ነው፣ ዓመታቸውም ይቀራረባል። ግን የሱ ኮፈን ላይ ሰማዩ ይታያል፣ ተራራው ሳይቀር ይታያል። የኔ ኮፈን ላይ የሚታየው ልጣጭ ነው።

ቀናሁ። ሌላ ስም አልፈልግለትም። እህቱን ሳገባ እሱ ጉልበቱ የቆሰለ፣ ጨርቅ ኳስ የሚያሯሩጥ ልጅ ነበር። ዛሬ ከከተማው ወጣ ብሎ ሄንደርሰን ቤት አለው፣ ቤቱ ጋራዥ አለው፣ መኪናው ጥላ ውስጥ ያድራል ጥላ ውስጥ ይውላል። እኔ ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚባል መንገድ ዳር አፓርታማ ነው ያለሁት። የኔ መኪና ከነጋ እስኪመሽ ፀሐይ ላይ ነው።

እንዴት እንደገዛሁት ልናገር። ዕድሜ ልኬን የነዳሁት የሰው መኪና ነው። አዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ስነዳ ባለቤቱ ሌላ ነበር። እዚህ መጥቼ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ አውቶቡስ ስነዳም ያው ነው። ካዚኖዎቹ ሲዘጉ ከሥራ አስቀመጡን። ቤት ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ቆረጥኩ፤ ከመሞቴ በፊት የራሴ የሆነ ደህና መኪና እነዳለሁ አልኩ። ምሥራቅ ላስ ቬጋስ አንድ ሰው ሊሸጥ ነው ሲሉኝ ሄድኩ። ወደ ማታ ነው፣ ሰውየው ገና አጥቦት ውሃው ይንጠባጠባል። አቤት ሲያምር! መሪውን ያዝኩ፣ ሞተሩን ሰማሁ፣ ሞተሩ እውነትም ደህና ነበር። ጨረስን።

ጠዋት ደርቆ ሳየው ሌላ መኪና ነው። ለካ ቀለሙ ላይ እንደ ብርጭቆ የሚያበራ ስስ ሽፋን አለ፤ የዚህ አገር ፀሐይ እሱን ነው የሚበላው። መጀመሪያ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል፣ ከዚያ ዳር ዳሩ እየተነሳ እንደ ሽንኩርት ይገለጣል። ውሃ ሲነካው ይደበቃል፣ ሲደርቅ ይወጣል። ኮፈኑ፣ ጣሪያው፣ የኋላው ክዳን፣ ሁሉም እንዲያ ነበር።

ሌላውም ተከተለ። የኋላ መስኮቱ ወርዶ አልወጣ አለ። በሩ ተዘግቶ ሳለ ተከፍቷል እያለ ይጮሃል። የጣሪያው ጨርቅ በሙቀት ሙጫው ለቆ እንደ ድንኳን ወረደ። ሚስቴ በመርፌ ቁልፍ ወጋግታ ሰቀለችው።

አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ የሚስቴ ወንድም መስኮቱን አወረደና፣

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሳይብስ ለቀለም ቀቢ ቢያሳዩት» አለኝ።

«አላየሁትም ብለህ ነው?»

«ኧረ አይደለም። ለእርስዎ አስቤ ነው።»

«ለኔ አታስብ። ለኔ የምታስብ ሚስት አለችኝ።»

ሚስቴ ከጎኔ ሆና «እኔ ማሰብ ካቆምኩ ቆየሁ» አለች። እሱ ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱም እንደ መኪናው ነው።

እሱ ስላለኝ ቀለም ቀቢ ጋ አልሄድኩም። ሌላ ሰው ቢለኝ እሄድ ነበር። እኔው ራሴ የብርጭቆ ወረቀትና የሚረጭ ቀለም ገዛሁ። ጥቁር ጥቁር ነው ብዬ የቀለሙን ዓይነት እንኳን አላየሁም። የተላጠውን ፈግፍጌ ፈግፍጌ ረጨሁበት። ሲደርቅ ጥቁርም ከጥቁር ይለያል ለካ። ልጄ ከሥራ ስትመለስ አጠገቡ ቆመች፣ ቦርሳዋን እንኳን አላወረደችም።

«አባዬ፣ ሪሊ? የትምህርት ቤት ሰሌዳ ይመስላል እኮ!»

«ጠመኔ አምጪና ጻፊበት» አልኳት። ተናድጄ ነው።

ይህቺ ልጄ ናት በሚቀጥለው ዓመት በጸደይ የተዳረችው። ባልዋ ከሌላ ስቴት በአውሮፕላን ነው የሚመጣው፤ እዚህ መኪናም ዘመድም የለውም። ስለዚህ ሙሽራዋን የሚያመጣ መኪና ከኛ ወገን መሆን ነበረበት። ሠርጉ እዚያው ፓርኪንግ ላይ፣ ሰዉ መኪናው ውስጥ ሆኖ ነው የሚደረገው። ይህ በተነገረ እሁድ፣ ገና ሰዉ ሳይበተን፣ የሚስቴ ወንድም ከመኪናው ወርዶ በሰው ሁሉ ፊት፣

«ሙሽሪትን የምወስዳት እኔ ነኝ! መኪናዋ ዝግጁ ናት!» አለ።

ክላክሱ ከየአቅጣጫው ጮኸ። አሜን ማለታቸው ነው። ደሜ ፈላ። እኔም ወረድኩ።

«ልጄ ከቤቴ የምትወጣው በአባቷ መኪና ነው!»

ማንም ክላክስ አላደረገም።

ቤት ስንገባ ሚስቴ «አንተ ሰውዬ፣ ወንድሜ ምን በደለህ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«ምንም አለመበደሉ ነው።»

እውነቴን ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ኮሮና የያዘን ጊዜ በራችን ላይ ምግብ አስቀምጦ የሚሄደው እሱ ነው። እሱን የምጠላበት ምክንያት አጥቼ ነው መኪናው ላይ ቂም የያዝኩት። ልጄን ግን አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ በመጨረሻዋ ቀን የሌላ ሰው መኪና ውስጥ ላስገባት? አንዴ ተናግሬያለሁ፣ አልመለስም።

ልጄ ለብቻዋ መጥታ መኪናው ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ባንተ መኪና እሄዳለሁ። ለአጎቴ እኔ እነግረዋለሁ። ግን ይሄ ጨርቅ ፀጉሬ ላይ አይወርድም፣ መስኮቱም ይዘጋል። ፕሮሚስ?»

«ፕሮሚስ» አልኳት።

ያን ጊዜ ቀለም ቀቢ ጋ ሮጥኩ። ሰውየው ዙሪያውን አየና በቁርጥራጭ አይጠገንም፣ ሙሉው ተፍቆ እንደገና ነው የሚቀባ አለ። ተራ የሚደርስህም ከሠርጉ በኋላ ነው አለኝ። ክረምቱን ሙሉ ስኮራ የከረምኩት ሰውዬ ምን ልበል? መኪናዬን ይዤ ተመለስኩ።

የጣሪያውን ጨርቅ ቀድጄ አወጣሁና ሚስቴ አዲስ ጨርቅ በሙጫ ለጠፈችበት። እያጉረመረመች ነው የለጠፈችው፣ ግን ቀጥ አድርጋ ለጠፈችው። መስኮቱን ጎትቼ አወጣሁና እንዳይወርድ በሩ ውስጥ እንጨት ወሸቅኩበት። ኮፈኑ ቀላል ነው፤ የሙሽራ መኪና ኮፈኑ አበባ ይለብሳል። ሌላው ሰው እቅፍ አበባ ካደረገ እኔ ምንጣፍ አደርጋለሁ አልኩ። የቀረኝ ጣሪያው፣ በሮቹና የኋላው ክዳን ነው።

ያኔ ታክሲዬ ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ ላቫጆ ካሳጠብን በኋላ በናፍጣ የተነከረ ጨርቅ እናሳልፍበት ነበር። አሮጌው ቀለም እንደ አዲስ ይወለውላል። ሁላችንም እንዲያ ነበር የምናደርገው፤ ማን ቀለም ያስቀባል? የሠርጉ ዕለት ጠዋት ማደያ ሄጄ በጀሪካን ትንሽ ናፍጣ ቀዳሁ። አሮጌ ከናቴራዬን ነክሬ ከጣሪያው እስከ በሮቹ አዳረስኩት። ልጣጩ ጠጣውና ጠፋ! መኪናው ጠቆረ፣ አበራ። የጎረቤቱ ሕንፃ በሩ ላይ ታየኝ። አበባውን ኮፈኑ ላይ ደርድሬ በሪባን አሰርኩት። ነጭ ሸሚዜንና ኮቴን ለበስኩና በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

የሚስቴ ወንድም መጣ። መኪናውን ራቅ አድርጎ አቆመና ወደኔ ሲመጣ እግሩ ቀስ አለ።

«ጋሼ! አስቀቡት እንዴ?»

«አየኸው?»

«ኧረ የኔን ያስንቃል!»

ይህን ቃል ስንት እሁድ ነው የጠበቅኩት። ቢያሾፍም ግድ የለኝም ብዬ ፊቱን አየሁት። አላሾፈም። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። ኮቴ ሞቀኝና አወለቅሁት፤ ክርኔን መልሼ በሩ ላይ ደገፍኩ።

በዚህ መሀል ልጄ ከደረጃው ወረደች። ቬሎዋ ደረጃውን ሞልቶታል፤ እናቷ ጫፉን ይዛ ከኋላዋ ናት። ፎቶ የሚያነሳው ልጅ ወደ ኋላ እየሄደ ያነሳል። በሩን ልከፍትላት እጄን ስዘረጋ የሸሚዜን እጅጌ አየሁት። ከክርኔ እስከ እጄ መጋጠሚያ ጥቁር ቅባት ነው። ኮቴንም አየሁት፤ ጀርባው ያው ነው። ናፍጣው አልደረቀም፣ ያረጀውን ቀለም አሟሙቶ ይዞታል። ልጄ ደግሞ ነጭ በነጭ ሆና፣ ፈገግ ብላ፣ ቀጥ ብላ ወደ በሩ ትመጣለች።

«ቁሚ!» አልኩ። ጮህኩ መሰለኝ። «እንዳትነኪው! ማንም እንዳይነካው!»

ቆመች። እጅጌዬን አየች፣ በሩን አየች። ፊቷ ሊቀየር ሲል እንደምንም መለሰችው።

«አባዬ፣ በጨርቅ አይጠረግም?»

ጠረግሁት። ጨርቁ ጠቆረ፣ በሩ ግን ያው ነው፤ ልጣጩም ብቅ ብቅ አለ። ፀሐዩ በርትቷል፣ ሰው ይጠብቃል፣ ልጄ ቬሎዋን ሰብስባ አስፋልት ላይ ቆማለች። የልጄን ቀን በኔ እልህ ቅባት ላስነካው? እዚያው አበቃሁ።

«አንተ» አልኩት የሚስቴን ወንድም፣ «ያንተን አምጣው።»

አመጣው። ወርዶ ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ ሰጠኝ።

«እርስዎ ይንዱ፣ ጋሼ። ልጅዎት አይደለች?»

እንቢ ልል አፌን ከፈትኩ። ልጄ አየችኝ። ዘጋሁት፣ ቁልፉንም ተቀበልኩ።

እሱ አበባውን ወደሱ መኪና ሊያዛውር ሪባኑን መፍታት ሲጀምር ግን «ተወው!» አልኩ። ፎቶ አንሺው ቆሟል፤ አበባው ከተነሳ ሥሩ ያለው ጉድ ነው የሚነሳው። ይህቺን ያህል እልህ ቀርታኝ ነበር። ስለዚህ ሙሽራዋን የያዘው መኪና ያለ አበባ ሄደ። አበባ ምንጣፍ የለበሰው የኔ መኪና፣ የሚስቴ ወንድም እየነዳው፣ ከኋላችን ተከተለ።

ስለሱ መኪና ማውራት አልፈልግም። ግን ልናገር። ድምፅ የለውም። መስኮቱ በጣት ነው የሚታዘዝ። ጣሪያው ልጄ ራስ ላይ እንደተወጠረ ነው። እናትና ልጅ ከኋላ ሆነው ሲያወሩ አንድ ቃል አያመልጠኝም። በየቀይ መብራቱ ቀናሁ። አረንጓዴ ሲሆንም ቀናሁ።

ፓርኪንጉ ስንደርስ ሰዉ በየመኪናው ሆኖ አበባ ያለበትን መኪና ነው የሚጠብቀው። እኛ ቀድመን ገባን፤ ማንም ዞር ብሎ አላየንም። ከኋላችን የኔ መኪና ሲገባ ግን ፓርኪንጉ ተናወጠ። ክላክስ፣ እልልታ፣ በየመስኮቱ የወጣ እጅ! ሰዉ ሁሉ መኪናዬን ያጅባል። ያቺ የተላጠች መኪናዬ እንዲያ ተከብራ ስትገባ አየኋት፤ መሪዋን የያዘው ግን እሱ ነው። እሱም ግራ ገብቶት እንደ ንጉሥ በመስኮት እጁን ያውለበልባል።

ልጄ ከኋላ በሳቅ ፈነዳች።

«አባዬ! እየው፣ አጎቴን ነው የሚድሩት!»

«ያቺ የኔ መኪና ናት» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ሚስቴ ያን የድሮ ሳቋን ሳቀች።

ወርጄ በሩን ከፈትኩላትና ሰዉ ገና ያኔ አያት። ክላክሱ እንደገና ተጀመረ፣ አሁን ለሷ። ክንዴን ልትይዝ ስትመጣ ያ እጅጌዬ ከሷ በኩል ነበር።

«በዚህ አይደለም» አልኳት፣ «በግራዬ ዙሪና ያዢኝ።»

ዞረች፣ ያዘችኝ። ቬሎዋ ንጹሕ ነበር። እየሄድን ዘወር ብዬ የሚስቴን ወንድም አየሁት። ከመኪናዬ ወርዶ መዳፉን በመሀረብ ይጠርጋል፣ ማንም አይቶ እንዳይስቅብኝ ከጀርባው አድርጎ። ያኔም ቀናሁበት፤ በመኪናው ግን አልነበረም።