ያልተዘመዘመው ጠርዝ

ከጉለሌ ልንወጣ ስንል በዋዜማው ማታ፣ ሰዓት እላፊው ደርሶ መንገዱ ጭር ሲል፣ ልጄ ወይንሸት ሆዷን ደግፋ ከጓዳ መጣችና ለምትወልደው ልጅ የሰፋሁላትን የፍላኔል መጠቅለያ ጥቅሌ ውስጥ ከተተችው።

"ያንቺ አይደለም እንዴ?" አልኳት።

"ለቀበሌው ምክንያት ይሆንሻል፣ እማዬ። እኔ እስክወልድ ሌላ ይገኛል።"

ሌላ እንደማይገኝ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ፍላኔል ከገበያ ጠፍቷል፤ ያቺን ቁራጭም ያገኘኋት ስንቱን ባለሱቅ ለምኜ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ከቁስቋም ወረድ ብሎ ባለው ሰፈር ለአራስ መጠየቂያ የምሰፋ ሴት ነበርኩ። ለሕፃኑ መጠቅለያና ኮፍያ፣ ለእናቲቱ የትከሻ መደረቢያ፣ ሁሉም ከፍላኔል፣ ሁሉም በእጅ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከእንጦጦ የሚወርደውን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ሐምሌ ላይ ለተወለደ ልጅ ያ ለስላሳ ጨርቅ ቅንጦት አይደለም። ከእናቴ የወረስኩት አንድ ልማድ አለኝ። ሦስቱን ጠርዝ እዘመዝምና አራተኛውን እንዲሁ እተወዋለሁ። ሴቲቱ በሰላም ተገላገለች ሲባል ያን ጠርዝ እዘመዝምና ለሕፃኑ ስጦታ፣ ያኑለት፣ ይዤላት እሄዳለሁ። ልጁ ገና ሳይወለድ አልቆ የሚጠብቅ ልብስ ያስፈራኛል።

የምሸሸው ወንዱን ልጄን ዳዊትን ይዤ ነው። አፈሳው ሰፈራችን ደርሶ አብረውት ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች ለውትድርና ወስደዋቸው ነበር። ወይንሸት ደግሞ መውለጃዋ ተቃርቧል፣ በረሃ በእግር አትሻገርም። አንዱን ላተርፍ አንዷን ትቼ ወጣሁ። እስቲ እናት የሆናችሁ ፍረዱኝ።

ጠዋት ለይለፍ ወረቀት ቀበሌ ቀረብን።

"ወዴት ነው?" አለ ሊቀመንበሩ።

"ጎንደር፣ የእህቴ ልጅ ወልዳ አራስ ልጠይቅ። ልጄ ዕቃዬን ይይዝልኛል።"

"አገር በጠላት ተከቦ አንቺ ገንፎ ልትበዪ?"

"ምን ላድርግ፣ ጓድ ሊቀመንበር፤ ምጥ አያማክርም።"

ጥቅሉን አስፈታኝ። ፍላኔሉን አነሳና ዳር ዳሩን በጣቱ ሲዳብስ ቆይቶ፣ አራተኛው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቆመ። ለሚስቱ ሰፍቼላታለሁ፤ ልማዴን ጠንቅቆ ያውቃል።

"ወልዳለች ነው ያልሽኝ?"

ያን ሁሉ ሌሊት ስጨነቅ፣ ያ ጠርዝ እንደሚያሳብቅብኝ አንድም ጊዜ አላሰብኩም።

"አዎ... ማለቴ፣ ችኮላ ሆኖብኝ ነው።"

"አንቺ? ጠርዝ ሳትዘመዝሚ አራስ ቤት?"

ዳዊትን ከራሱ እስከ እግሩ አየው። ከዚያ ማኅተሙን መታና ወረቀቱን ገፋልኝ።

"መንገድ ላይ ዘምዝሚው። ኬላ ላይ የሚፈትሸውም ሚስት አለው፤ ለአራስ ያላለቀ ልብስ እንደማይወሰድ ያውቃል።"

እስከ መተማ ድረስ ክር የገባበት መርፌ በእጄ ነበር። ግን አልቻልኩም። ወይንሸት አልወለደችማ።

ድንበሩን በእግር እንደተሻገርን የሱዳን ፖሊስ ጥቅሌን ገለበጠው። የሚተረጉምለት ያገራችን ልጅ ነው።

"ይሄ ምንድነው ይልሻል፣ እትዬ።"

"የሕፃን መጠቅለያ ነው በለው።"

ፖሊሱ ፍላኔሉን እየዳሰሰ ሳቀ።

"ልጁን ልትቀቅዪው ነው ወይ? ይልሻል።"

ካርቱም ስገባ ሳቁ ገባኝ። የዚህ አገር ንፋስ ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ወላፈን ነው። ፉል የሚሉት ባቄላቸው ባይከፋም፣ እየበላሁት ለወይንሸት ማን ገንፎ እንደሚያገነፋላት አስባለሁ፤ አይወርድልኝም። ፍላኔሉን ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ። አከራያችን ሐጃ በገባች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። "አንቺ ሴትዮ፣ አንሺልኝ! ማየቱ ራሱ ያልበኛል።"

እንዳልልከው፣ ጥቅሉ ተከፍቶ የት እንዳለን ይታወቅና መዘዙ ለወይንሸት ይተርፋል። ወደዚያ የሚመለስ ሰውም የለም።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ቤት ተሰልፌ፣ ወይንሸት አጠገብ ሱቅ ያለውን ጋሽ ተሰማን አገኘሁት። ሱቁ ውስጥ ሰው ነበረና ድምፄን ሲሰማ ድሬዳዋ ያለች ዘመዱን ያናገረ አስመስሎ፣ ጮክ ብሎ፣ "ውይ እትዬ! ድሬዳዋ ሙቀቱ እንዴት ነው?" አለኝ።

"ይፈጃል" አልኩት። እሱስ ውሸት አይደለም።

ሱቁ ጭር ሲል ወይንሸትን ጠራልኝ።

"ወለድሽ?"

"ሴት ልጅ፣ እማዬ።"

"እንኳን ማርያም ማረችሽ!" ብዬ ስጮህ ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ።

"ማርያም ታኑርሽ" አለችኝ፣ ለጠያቂ ጎረቤት እንደሚባለው።

"በምን ጠቀለልሻት?"

"ትተሽው በሄድሽው ቀሚስ። ዝናቡ አላባራ አለ፣ እማዬ። ታስላለች። ከትናንት ወዲህ ጡትም አልይዝ..."

ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር መስመር የለም ይሉኛል።

"ወልዳለች እኮ፤ ለምን አትዘመዝሚውም?" ይለኛል ዳዊት። ጠርዙን ከዘመዘምኩ ያኑለት ይዤላት መሄድ አለብኝ።

የሰዎቹን ስም ሁሉ ለውጬ ጽፌዋለሁ። ከእኔ በኋላ ከዚያ ሰፈር የወጣችሁ ካላችሁ ግን አንድ ነገር ንገሩኝ። ከቁስቋም ስትወርዱ፣ ከሱቁ አጠገብ ካለችው ቤት፣ ሕፃን ስታስል ሰምታችኋል? ስታስል ሰማን በሉኝ፤ እሱም ይበቃኛል።