እጁ የደረሰባቸው ኳሶች

ኤልካና ፕራት በብራክስተን የጫማ ፋብሪካ አርባ አራት ዓመት ቆዳ ሲቆርጥ ቢላዋው አንድ ቀን እንኳ ከመስመር አልወጣበትም ይባል ነበር። ይህ ትንሽ የተጋነነ ሳይሆን አይቀርም፤ ከተማው ግን እንዲያ ብሎ ያምን ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያው እጅ ቢላዋውን አስቀምጦ እርሳስ ያነሣል። ከሜዳው ጥግ አንድ እግሯ ያጠረ ጠረጴዛ ነበረች። ኤልካና እዚያ ተቀምጦ፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ የከተማውን የቤዝቦል ቡድን ጨዋታ በመዝገብ ያሰፍራል፤ ማን መታ፣ ማን ሮጠ፣ ማን ቀለበ፣ ማን ሳተ።

ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1886 ነበር። የብራክስተን ተጫዋቾች ኳስ የሚቀልቡት በባዶ እጅ ነው። ጓንት አድርጎ የመጣ ሰው ቢኖር «ሙሽሪት መጣች!» እየተባለ እስኪያወልቀው ድረስ ይፌዝበት ነበር። ከእነዚያ ባዶ እጆች ሁሉ ደግሞ የኮርኔሊየስ ሃንራሃንን የሚያህል አልነበረም። ኮን እያሉ ይጠሩታል፤ በሳምንቱ ቀናት ከኤልካና ጎን ቆሞ ሶል የሚመታ ቀጭን የአየርላንድ ልጅ ነው። ሜዳ ላይ ቦታው በሁለተኛውና በሦስተኛው የሯጮች ማረፊያ መካከል ነበር። ሌላው ቆሞ በዓይኑ የሚሸኛትን ኳስ ኮን እንደ ድመት ተወርውሮ ይደርስባታል። ከደረሰባት አብዛኛውን ጊዜ ይቀልባታል። አንዳንዷ ግን ከመዳፉ ላይ ነጥራ መሬት ትወድቃለች።

የኤልካና ሕግ አጭር ነበር፦ እጅ ነክቷት የወደቀች ኳስ ስሕተት ናት። ማንም ያልደረሰባት ኳስ ግን የመቺው ሙያ እንጂ የማንም ጥፋት አይደለችም። ጨዋታ ሲያልቅ ተጫዋቾቹ እየመጡ ይለምኑታል።

«ኤልካናዬ፣ ፀሐይ ዓይኔን ወግታኝ እኮ ነው!»

«ፀሐይን አልመዘግብም። የምመዘግበው አንተን ነው።»

ኮን ሊለምን መጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ወደ ጠረጴዛዋ ጠጋ አለ።

«አንዲት ረስተሃል» አለው።

«የቷን?»

«በአምስተኛው ዙር በግራዬ ያለፈችውን። ጥፍሬን ነክታዋለች።»

«እኔ አላየሁም።»

«እኔ ግን ተሰምቶኛል። ጻፋት።»

ኤልካና ጻፋት። ያን ዕለት ወደ ቤቱ የሄደው ደረቱን ነፍቶ ነበር፤ እንዲህ ያለ እውነተኛ ወዳጅና እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ በአንድ ከተማ መገኘቱ አኩርቶት። ኋላ ግን ያቺን ቀን ባሰበ ቁጥር ጥርሱን ያፋጭ ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃምሳ ሦስት ዓመት አለፈ። ለጥንት ኳስ ተጫዋቾች ክብር የሚሰጥ አዳራሽ ተሠርቶ፣ ማን ይግባ ማን ይቅር የሚል ኮሚቴ ተሰየመ። ኤልካና ሰባ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ሚስቱን ቀብሯል፣ ጡረታ ወጥቷል። ከዚህ ዓለም የቀረው ምኞት አንድ ብቻ ነበር። ኮን ሰባ ስምንት ሞልቶት፣ የቆዳ ብናኝ ሳንባውን በልቶት፣ ሴት ልጁ ሆኖራ ቤት ከመስኮት ሥር ተቀምጧል። ዓይኑ ሳይከደን ስሙ በዚያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሲጻፍ እንዲሰማ ኤልካና ፈለገ። ስለዚህ ለኮሚቴው ጻፈ፤ ማስረጃ አለኝ፣ የዘመኑ መዝገብ በእጄ ነው አለ።

ሚስተር ሉድሎ የሚባል መነጽራም ሰው ከኮሚቴው መጣ። በኤልካና ሳሎን ተቀምጦ ግማሽ ቀን ሙሉ ገጾቹን ገለጠ።

«ሚስተር ፕራት፣ ብዙ የቆዩ መዝገቦች አይቻለሁ። ስርዝ ድልዝ የሌለው የእርስዎን ብቻ ነው» አለ።

ኤልካና ፊቱ በራ። «እንግዲያውስ ነገሩ አለቀ በሉኛ።»

«የማዝነውም ለዚሁ ነው። ሃንራሃን በአራት ዓመት መቶ አራት ስሕተት አለበት። በዚያው ቦታ ይጫወት የነበረው የሳልተኑ ባርትሌት ያለበት ሠላሳ ዘጠኝ ብቻ ነው፤ እሱን አስገብተነዋል።»

«ባርትሌት!» ኤልካና ከወንበሩ ተነሣ። «ባርትሌት እኮ የአጥር ችካል ነበር! ኳስ በአጠገቡ ስታልፍ ባርኔጣውን አንሥቶ ደህና ሁኚ የሚላት ሰው! ያልነካት ኳስ በምን ታሳስተዋለች? የማይሠራ አይሳሳትም ሲባል አልሰሙም?»

ሚስተር ሉድሎ መነጽሩን ጠረገ። «መዝገቡ ግን የእርስዎ ነው። ልክ አይደለም ይሉኛል?»

ኤልካና መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበ። ልክ አይደለም ቢል ማስረጃ የለውም። ልክ ነው ቢል ወዳጁን የሚከስሰው የገዛ እጁ ጽሕፈት ነው።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ለአንድ ሳምንት ከመዝገብ መጽሐፉ ጋር ተኳረፈ። አንድ ጧት ላጲስ አንሥቶ በአንዱ ገጽ ጥግ ላይ አስጠጋው፤ እጁ እንቢ አለው። ላጲሱን ወርውሮ ቆጠራ ጀመረ። ክረምቱን ሙሉ፣ እግሩን ወደ ምድጃው ዘርግቶ፣ ስሕተቱን ብቻ ሳይሆን የኮን እጅ የደረሰባቸውን ኳሶች በሙሉ ለቀመ፤ የተቀለቡትንም የወደቁትንም። በዘጠና ስድስት ጨዋታ ስድስት መቶ ሰባ አንድ ሆኑ። የባርትሌትን ከሳልተን ቡድን አሮጌ መዝገብ አስገልብጦ ቆጠረ፤ በዚያው ያህል ጨዋታ አራት መቶ ሁለት። ኮን እንግዲህ ከነስሕተቱ፣ ስሕተቱም ከወጣ በኋላ እንኳ፣ ባርትሌትን በብዙ ይበልጠዋል። ሕፃን የሚገባው ሒሳብ ነው እያለ ኤልካና ሰባት ገጽ ጽፎ ላከ።

መልሱ ግማሽ ገጽ ነበር። ኮሚቴው ለዚህ ዓይነቱ ቆጠራ የተዘጋጀ ዓምድ የለውም፤ የሃንራሃን ጉዳይ ተዘግቷል። ይሁን እንጂ መዝገቡ የጥንት ሐቀኛ አመዘጋገብ ድንቅ ምሳሌ ስለሆነ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ «ኤልካና ፕራት» ከሚል ካርድ ጋር በአዳራሹ ቢቀመጥ ኮሚቴው ደስ ይለዋል።

ኤልካና ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ። መላጣው ላይ ያለው የደም ሥር እንደ ገመድ ተወጠረ። ወዲያው ቁጭ ብሎ «ሰውየው ካልገባ መጽሐፉ አይገባም» ብሎ ጻፈ፤ ፖስታ ቤት አስገባ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሆኖራ ቤት ሄደ። ሆኖራ ድንች ትልጣለች። ኮን ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ተቀምጧል። ኤልካና ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው፤ መጨረሻ ላይ «እንዲህ አልኳቸው!» ብሎ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ።

ማንም አላጨበጨበም።

«ማን ጠየቀህ?» አለ ኮን።

«ምን ማለትህ ነው?»

«መጽሐፉን ከልክል ብሎ ማን ጠየቀህ? እዚያ ገጽ ላይ እኮ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፣ አንተ ሽማግሌ! እሮጣለሁ! እዚህ ያለሁት ይኸው ከአልጋ ወደ ወንበር ነው።»

«ሰው መቶ አራቱን ቆጥሮ እንዲስቅብህ ነው?»

«ይሳቅ! የሚስቀው ስሜን አንብቦ ነው።» ሳል ያዘው፤ ሆኖራ ውሃ ሰጠችው። «ሃምሳ ሦስት ዓመት መሳቢያህ ውስጥ ቆልፈኸኛል። አሁን በር ሲከፈት አንተው መልሰህ ጠረቀምከው።»

«ለአንተ ብዬ እኮ ነው» አለ ኤልካና፤ ድምፁ ግን ለራሱም አልጣመውም።

«አጎቴ ኤልካና፣ ሌላ ይጻፉ እንግዲህ» አለች ሆኖራ፤ ወረቀት አመጣች።

ኤልካና እርሳሱን ምላሱ ላይ ነካ አደረገ። «በትሕትና ይቅርታ እየጠየቅሁ...»

«ምን አጥፍተህ?» አለ ኮን።

«እሺ። ኮሚቴው ዓይነ ስውር ቢሆንም...»

«ይኼንንማ ካልክ ሣጥኑን ለባርትሌት ባርኔጣ ይሰጡታል!»

«አንተ ጻፈው እንግዲያ!»

«ጣቶቼ መች ይታጠፋሉ? ያንተን ስድስት መቶ ሰባ አንድ ኳስ ቀልበው ያለቁ ጣቶች!»

ሆኖራ የድንቹን ቢላዋ አስቀመጠች፤ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ እርሳሱን ከኤልካና ጣቶች መካከል መዘዘችው። ሁለቱ ሽማግሌዎች እየተጨቃጨቁ እሷ ጻፈች፦ «መጽሐፉን እንሰጣለን። ካርዱ ላይ የኮርኔሊየስ ሃንራሃን ስም ከሚስተር ፕራት ስም በላይ ይጻፍ። ስድስት መቶ ሰባ አንዱም ይጻፍ። ዓምድ ከሌላችሁ አስምሩ።»

ኮን እስኪነበብለት ጠብቆ «በቃ፣ ይኼ ይበቃል» አለ፤ ዓይኑንም ወደ መስኮቱ መለሰ።

ኤልካና ግን አልበቃውም። ኮን የሚገባው የግድግዳ ቦታ እንጂ በሌላ ሰው መጽሐፍ ላይ የተለጠፈ ካርድ አይደለም። ደብዳቤውን ይዞ በመንገድ ላይ ለብቻው እያጉረመረመ ሄደ። ሉድሎን ረገመ፣ ባርትሌትን ረገመ፣ የወጣትነት እጁንም አልማረም። ፖስታ ቤት ሲደርስ ጸሐፊው ከመስኮቱ ኋላ ቀና አለ።

«ደህና ነዎት፣ ሚስተር ፕራት? ዛሬ ሁለተኛዎ ነው።»

«ደህና አይደለሁም» አለ ኤልካና፤ ፖስታውንም ገፋ አደረገለት። «ግን ላከው።»