ሁለት ጊዜ የተቀባው ረድፍ

ሴትዮዋ የጎማ ዛፍ ስትበጣ ነው ያረጀችው። ማለዳ ቅርፊቱን በስሱ ትልጠዋለች፤ ነጩ ወተት በቦዩ ወርዶ ኩባያ ውስጥ ይንጠባጠባል። አሁን ግን ቀኝ ትከሻዋ አልታዘዝ አለ። የምትበጣውን የዛፍ ረድፍ ለታናሽ እህቷ እንዲሰጥላት የእርሻውን አለቃ ለምናዋለች።

«ኩባያውን ትሙላና እናያለን» ነበር መልሱ።

ወተት የሚያበዛ መድኃኒት አለ። ቢላው ያረፈበት ቦታ ላይ በብሩሽ ይቀባል፤ ከተቀባ በኋላ ዛፉ እስኪያገግም አይደገምም። ታናሽየዋ የመቀቢያው ጊዜ ሲደርስ ረድፉን ቀባችው። ታላቅየዋ ግን «ይቺ ዝንጉ፣ ረስታው ታዋርደኛለች» ብላ ማንም ሳያያት እንደገና ቀባችው።

ኩባያው ሞልቶ ፈሰሰ። አለቃውም፣ «እጅሽ ይባረክ፣ ረድፉ ያንቺ ነው» አላት ታናሽየዋን። እሷም፣ «እታለም እንግዲህ ተኚ፤ ጎንሽ እስኪላጥ» ብላ ቀለደች።

ብዙም አልቆየ። ወተቱ እንደ ውኃ ቀጠነ፤ ቀጥሎ ጭራሽ ደረቀ።

ከችግኝ ጣቢያው አንዲት ባለሙያ መጥታ ቅርፊቱን በጥፍሯ ፋቀችው።

«መድኃኒቱ ውስጥ ሲገባ ጋዝ ይሆናል፣ ሙዝ እንደሚያበስለው ያለ። በዛፉ ውስጥ ያንቀላፉ ጂኖችን ይቀሰቅሳል። ዛፉ ስኳሩን ወደ ቁስሉ ይልካል፤ ወተቱም ቶሎ ስለማይረጋ ረጅም ሰዓት ይፈሳል። ሲበዛበት ግን ለራሱ የሚተርፈው የለም፤ ወተቱ እዚያው ቧንቧው ውስጥ ይረጋል። ስንቴ ቀባችሁት?»

«አንዴ» አሉ ሁለቱም እኩል። ከዚያ ተያዩ።

«አንዷን ሙሽራ ሁለት ጊዜ ኳላችኋታ» አለ አለቃው። አልሳቀም። ረድፉ ይረፍ፤ ታናሽየዋ ቤቷ ትግባ፤ ታላቅየዋ ዳገቱ ላይ ያሉትን አሮጌ ዛፎች ትያዝ አለ።

መንገድ ላይ ታናሽየዋ፣ «እታለም፣ ምነው ሳትነግሪኝ?» አለች።

«ብነግርሽ አላመነችኝም ትያለሽ ብዬ።»

«አላመንሽኝማ።»

 የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ታላቅየዋ ግን የሚለቀምም አላገኘችም።

በማግስቱ ታናሽየዋ የእህቷን ትከሻ በነጠላ ጨርቅ ጥፍንግ አድርጋ አሰረችላት። ሴትዮዋ ቢላዋን በግራ እጇ ያዘች፤ ትንሽ ሞከረችው፤ አልሆነላትም። ወደ ቀኝ መልሳው ዳገቱን ተያያዘችው።