ቀንድ አውጣ መቅኒ የለውም

እኔ ያገለገለ መኪና ነጋዴ ነኝ። ከጨረታ የተጣለ መኪና እገዛለሁ፣ አሳጥበዋለሁ፣ ታክሲ ለሚጀምር ያገሬ ልጅ እሸጠዋለሁ። ትምህርቴን የጨረስኩት መንገድ ላይ ነው፤ ዲፕሎማዬ ምላሴ ነው። የሥራዬ ደንብ አንድ ናት፤ ገዢው ሞተሩን ልይ ካላለ ኮፈኑን አልነካም። ከጠየቀ ግን እከፍታለሁ። የጠየቀን ሰው መዋሸት ገበያ ያጠፋል።

ሚስቴ አየር ማረፊያ ዊልቸር ትገፋ ነበር። በ2020 በኮሮና ምክንያት ሰው መብረር ሲያቆም ቤት ቀረች። በዚያው ሰሞን ድካም ያዛት፤ ምንም ሳይነካት ክንዷ ይበልዝ ጀመር። ምርመራው ሁሉ ሲያልቅ ሐኪሙ ውጤቱን በቪዲዮ ነገረን። ፓራዳይዝ በሚባለው ሰፈር ባለችው አፓርታማችን፣ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሐኪሙ አስተርጓሚ ልጥራ ሲል፣ እኔ አለሁ አልኩት።

መቅኒዋ ደም መሥራት እያቆመ ነው አለ። በሽታ የሚዋጉት ነጫጭ ሴሎች ሊያልቁ ነው። የሚስማማ ሰው ተገኝቶ መቅኒ ካልሰጣት ተስፋዋ ትንሽ ነው።

"ምን አለ?" አለችኝ።

"ደም ማነስ ነው። ጉበት ትብላ፣ ከቤት አትውጣ ነው የሚለው።"

"ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ያወራው?"

"ፈረንጅ ነገር ያስረዝማል።"

በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለታማሚው አይነገርም፤ ቤተሰብ ይሰማዋል፣ ቤተሰብ ይውጠዋል። እኔም ዋጥኩት። አጋዥም አላጣሁ፤ ከተማው በሙሉ ከቤት አትውጡ ተብሎ ተቆልፏል። ለውሸት እንዲህ ያለ ገበያ በዕድሜዬ ገጥሞኝ አያውቅም።

እዚሁ ለተወለደችው ልጃችን ብቻ ነገርኳት። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ታጠናለች። "ዳዲ፣ ይሄ ራይት አይደለም። ቦዲው የሷ ነው" አለችኝ። እንዳትናገር በማርያም አስማልኳት።

ላቦራቶሪያቸው ሲዘጋ ልጅቷ አስተማሪዋን አስፈቅዳ በመስታወት ገንዳ ቀንድ አውጣ ይዛ መጣች። ጥፍር የሚያክሉ፣ ጠፍጣፋ፣ የኩሬ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። ሚስቴ ያደገችው ሐይቅ ዳር ስለሆነ ገና ስታያቸው ጮኸች።

"ቢልሃርዚያ ቤቴ ድረስ በመኪና አመጣሽልኝ?"

"ማሚ፣ ክሊን ናቸው። ትሉ ገብቶባቸው አያውቅም። ግን እጅሽን ውሃው ውስጥ እንዳታደርጊ፣ ፕሊስ።"

"ክሊን ናቸው አላልሽም እንዴ?"

እኔ ወሬ ለማስቀየር ቀንድ አውጣዎቹ ስለሚበሉት ሰላጣ ዋጋ አወራሁ።

ከዚያ በኋላ ሚስቴ ወንበሯን ገንዳው አጠገብ አስጠግታ ታያቸው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ልጅቷ ኮምፒውተሯን ከፍታ ስትሠራ ጠየቀቻት።

"ለመሆኑ ምናቸውን ነው የምታጠኚው?"

"ትሉ ሲገባ ፋይት የሚያደርጉ ሴሎች አሏቸው፣ ደማቸው ውስጥ። ከየት እንደሚወለዱ ነው።"

"ከየት ነው?"

"በልቡና በኩላሊቱ መሃል ትንሽዬ ነገር አለች። እዛ ነው የሚሠሩት ይላሉ። ግን ሹር አይደሉም። ሌላ ቦታም ሊሠሩ ይችላሉ።"

"እና ያቺ ብትበላሽበት ሌላው ቦታ ይሠራለታል?"

"ሜይቢ።"

"የኛስ ከየት ነው?"

ልጅቷ ወደኔ አየች። "ከአጥንት። መቅኒው ውስጥ። ቀንድ አውጣ አጥንት የለውም፣ መቅኒ የለውም።"

"የኛ ሌላ ቦታ አለው?"

ልጅቷ ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባች። ለቅሶዋ እንዳይሰማ ቧንቧ ከፈተች፤ ይሰማል።

ሚስቴ ዓይኗን ከቀንድ አውጣዎቹ ሳታነሳ፣ "አንተ፣ ገዢ ሞተሩን ልይ ሲልህ ምን ታደርጋለህ?" አለችኝ።

"እከፍታለሁ።"

"ክፈታ እንግዲህ።"

ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም። ይህን ያወቅከው መቼ ነው ስትለኝ፣ ከጉበቱ ጀምሮ አልኳት።

"እኔ እኮ ጉበት አልወድም" አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለቀጠሮው ሁሉ በስልክ አስተርጓሚ ይጠራልኝ አለች። እኔ አጠገቧ እንደ ዕቃ እቀመጣለሁ፤ ፊቱን አይተን የማናውቀው ወጣት ድምፅ እውነቱን ይነግራታል። በ2021 ክትባት መጥቶ ጎረቤቱ ሁሉ ሲሰለፍ እሷም እኔስ ልከተብ ወይ ብላ ጠየቀች።

"ሐኪሙ እንዲህ ይላሉ" አለ ድምፁ። "ክትባቱ እንደ አስተማሪ ነው። እርስዎ ውስጥ ግን የሚማር ሴል የቀረ አይመስልም። የሚስማማ ሰውም እስካሁን አልተገኘም።"

"በግልጽ ስለነገርከኝ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። አግብተሃል?"

"ይቅርታ እትዬ፣ ከተባለው ሌላ እንድናገር አይፈቀድልኝም።"

ሚስቴ ወደኔ ዞራ ሳቀች። "ሰማህ? አስተርጓሚ እንዲህ ነው የሚሠራው።"

ላቦራቶሪው ሲከፈት ቀንድ አውጣዎቹ ተመለሱ፤ ገንዳው የነበረበት ቦታ ላይ የመድኃኒቷን ዕቃ አስቀመጥን። የሚስማማ ሰው አልተገኘም። እስክታርፍ ድረስ ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርሽ ስላት፣ ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቶ፣ "ደህና ነኝ" ትለኝ ነበር።

እኔም ክፈቺ አላልኳትም።